የካፒቴኑ ወረንጦ

ካፒቴን ወንድሜ፣

ለሥራ ረፍዶብኛል። ከሞዴል መርከብህ አጠገብ አዲስ ወረንጦ አስቀምጬልሃለሁ። ሱቅ ውስጥ እንደ አንተ ወደ ብርሃን አንስቼ አየሁት፤ ቀጫጭን ጫፎቹ ግጥም ይላሉ፣ ጠበቅ ሲያደርጓቸውም አይተላለፉም። ማግኔትነት ስለሌለው ጥቃቅኖቹ ብረቶችህ አይጣበቁበትም። መርጬ እስክጨርስ ባለሱቁ ሊያባርረኝ ትንሽ ነው የቀረው።

አሮጌውን ያጣመምኩት እኔ ነኝ።
የጆሮ ጌጤን ከዕቃ ማጠቢያው ቱቦ ሳወጣበት።

የመርከቧ መሪ ከአሮጌው ወረንጦ ጫፍ እየተስፈነጠረ ሲያስቸግርህ "እጅህ ተንቀጠቀጠ፣ አረጀህ!" ብዬ ስቄብሃለሁ። አንተ ደግሞ "ዓይኔ ነው" ብለህ መነጽር ገዛህ።
ያኔም ዝም አልኩ።

ለማንኛውም ዛሬ መሪዋን ግጠምላት። እጅህም ዓይንህም ደህና ናቸው።

መነጽሩን ግን እንዳታወልቀው፤ አምሮብሃል።

እህትህ