ጌታቸው አሰብ ላይ ያስገጠመው ብርድ

ግንቦት 3፣ ጠዋት
መኪናዋን አጥበን ጨረስን። ሙላት ዛሬም ያንኑ አነሳ፤ አየር ማቀዝቀዣዋ ይውጣ ይላል። መኪናዋ ያረጀች፣ ሞተሯ ትንሽ። ማቀዝቀዣው ሲበራባት አቀበት ላይ ታቃስታለች። ደግሞስ ላሊበላ ላይ ምን ሙቀት አለ? እውነቱን ነው። አይሆንም አልኩት። አኮረፈ። የባሌ ታናሽ ወንድም ሆኖ ነገሩ አይገባውም።

ላንተ ልንገርህ፣ ማስታወሻዬ። ባሌ ጌታቸው አሰብ ወደብ ይሠራ ነበር። ልጃችን ሰብለ ገና አራስ ልጅ፤ ሙቀቱ ገላዋን አቁስሎት እንቅልፍ የለ፣ ለቅሶ ብቻ። አንድ ቀን ጌታቸው ከሥራ መጣ፤ የዚህችው መኪናችን መስኮት ሁሉ ዝግ። ከተገለበጠ መኪና የተፈታ ማቀዝቀዣ አስገጥሞባት ኖሯል። ግቢ አለኝ። ብርዱ ፊቴን ሲነካኝ የአገሬ የላስታ ጠዋት መሰለኝ፤ አለቀስኩ። “አገርሽን አመጣሁልሽ” አለ፣ እየሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ምሽት ምሽት በጨው ማሳው ዳር ቀስ እያለ ይነዳል፣ ልጅቷ እስክትተኛ። እኔ ሐብሐብ እየቆረጥኩ አጎርሰዋለሁ። ደስታ ማለት ያ መሆኑን ያኔ አላወቅኩም።

አሁን ጌታቸው አፈር ከለበሰ ስንት ዘመን። ሰብለም ልትወልድ ወሯ ገብቷል። ባሏ ሰሜን ዘምቷል።

ግንቦት 6
ሙላት እንግዶች አየር ማረፊያ ሲያደርስ አብሬው ወረድኩ። ስንመለስ ሜዳው ላይ፣ ሳልጠይቀው ማቀዝቀዣውን አበራልኝ። መታረቁ ነው። ሽታው ያው፤ እርጥብ አቧራና ጎማ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አሰብ። አቀበቱ ሲጀምር አጠፋው።

ግንቦት 9፣ ጠዋት 1 ሰዓት
ሰብለ ከትናንት ጀምሮ ምጥ ላይ ናት። የጤና ጣቢያው ድሬሰር መጥቶ አያት። ልጁ አግድም ነው፣ ዛሬውኑ ወልድያ ሆስፒታል አድርሷት አለ። የቀበሌው ሊ/መንበር የይለፍ ወረቀቱን ቆሞ ፈረመልን። ቤንዚን ሙላት ከየትም ለምኖ አመጣ። እንሄዳለን። እመቤቴ፣ አንቺ ቅደሚ።

ግንቦት 9፣ ከሰዓት፣ ወልድያ ሆስፒታል በረንዳ
አስገብተዋታል። ካልጻፍኩ እጮሃለሁ።

ቆላው ሜዳ ላይ ሙቀቱ ሌላ፣ አቧራው ሌላ። መስኮት ቢከፈት በአቧራ ልትታፈን፣ ቢዘጋ በሙቀት። ማቀዝቀዣውን አበራን። ትንፋሿ ተመለሰ። ሙላትን በኩራት አየሁት።

የጋሸና አቀበት ላይ መኪናዋ ሰነፈች። ሙላት “እትዬ፣ ይጥፋ” አለኝ። አይጠፋም፣ ልጄ ትታፈናለች አልኩ። ትንሽ ሄዶ ደገመ። ተቆጣሁት። የሙቀቱ መርፌ ቀዩ ላይ ወጣ። ከዚያ እንፋሎት። ቆምን። ገደል በአንድ ወገን፣ ሰው የለ፣ መኪና የለ። ራዲያተሩ ሳይበርድ አይከፈት፤ መጠበቅ። ሰብለ እጄን ነክሳ ይዛለች። ያን ያህል ጊዜ ጌታቸውን በልቤ አማክሬው አላውቅም።

ውኃ ጨመርን። ተነሳች። ማቀዝቀዣውን በራሴ እጅ አጠፋሁት። ሙላት ፈራ ተባ እያለ፣ የሞተሩን ትኩሳት ወደ ውስጥ እንዲስብልን ማሞቂያው ጭምር መብራት አለበት አለ። በዚያ ሐሩር ማሞቂያ! ከኋላ ሰብለ፣ “አብራው አጎቴ። ብቻ እንሂድ” አለች።

በአንደኛ ማርሽ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ላባችን እየወረደ፣ እንደ ኤሊ። ወጣን። ጋሸና ላይ የደጋው ነፋስ በመስኮት ገባ። ሰብለ አፏን ከፍታ ጠጣችው።

በሩ ተከፈተ። እኔን አይደል የሚጠሩት? ቆይ

ግንቦት 10
በቀዶ ጥገና። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለና ተወው፤ አልጨረሰውም። ሙላት ግድግዳ ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። አቀፍኩት። ሸሚዙ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል።

ግንቦት 24፣ ላሊበላ
ሰብለን ይዘናት ገባን። ገንፎው ተበላ፣ እልልታው ቀለጠ። ሕፃኗ ብርድ አትወድም፤ ገላዋ ከተገለጠ ታለቅሳለች። ሳቅሁ።

ሰው ሲወጣ ሙላትን ማቀዝቀዣውን አውጣው አልኩት። ዞሮ አፈጠጠብኝ። አሁን ደግሞ እሱ አይሆንም አለ! ሜዳው ላይ ማቀዝቀዣው ባይኖር ሰብለ አትተርፍም ነበር፣ ደግሞም የወንድሜ እጅ ያለበት ነው ይላል። ስንከራከር ሰብለ ከመኝታዋ ሆና ሳቀችብን።

እኔ ግን ቆርጫለሁ። እዚህ ያለን አቀበት ነው። ነገም የሌላ ሰው ልጅ ታምጣለች፤ ያ እንፋሎት ሁለተኛ አይደርስም። ሙላት የሚያውቀው የአሰብ መስመር ሹፌር አለ፤ ሚስቱ አራስ ናት፣ ቤታቸው እዚያው ወደቡ አጠገብ። ለእሱ ይሰጥ፣ በነፃ። ሙላት፣ “እሺ እትዬ፤ አብረን ግን” አለ።

ነገ ጠዋት ይፈታል። መፍቻ የማቀብለው እኔ ነኝ።