ከምስሉ የቀደመ ድምፅ

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 3
ዝናብ። የጎረቤትን የሣር ማጨጃ ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ መልሼ ገጠምሁ። አንድ ብሎን ተረፈኝ። ሞተሩ ግን ተነሣ… ታዲያ ብሎኑ የምን ነበር?

ማታ እህቴ ሎሪን ደወለች። የሰሞኑ ነፋስ የጣሪያቸውን አንቴና ከጣለው ወዲህ ባሏ ዌንደል አንድም የቤዝቦል ጨዋታ አላየም። ኬብል ይግባ ወይስ ዲሽ? ልጃቸው ጃኔል ዲሽ ትላለች፤ ጨዋታው ሁሉ ይመጣል። ሎሪን ኬብል ትላለች፤ ዲሽ ጣሪያ ላይ ሲታይ የድስት ክዳን ይመስላል። ዌንደልስ? "እናንተ እንደወደዳችሁ።" ዌንደል ነው እንዲህ ያለው! በሰናፍጭ ዓይነት እንኳ ግማሽ ቀን የሚከራከር ሰው።

ከወንበሩ አይነሣም አለችኝ። ከጓደኞቹ ጋር ካርታ መጫወት ትቷል። ጋዜጣ ትቷል። ስታዲየም እንሂድ ሲሉት ጉልበቴ ይላል። የቀረው ቤዝቦል ብቻ ነው፤ እሱም ከሄደበት እፈራለሁ አለች። ስለዚህ አንተ መርምርና ወስን አለችኝ።

እኔ ዳኛ ሆንኩ። ምን አጠፋሁ?

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5
ምርመራ ጀመርኩ። ላይል ፀጉር አስተካካዩ ዲሽ አለው። ወዳጄ ጋስ ደግሞ እቤቱ ኬብል አለው። ከፀጉር ቤቱ ሆኜ ለጋስ ደወልኩ፤ ሁለታችንም ያንኑ ጨዋታ እያየን ነው።

"መታው፣ በግራ በኩል" አለ ጋስ።

እኛ ጋ ወርዋሪው ገና ኳሷን እያሸ ነው። ቆየ… ተፋ… ወረወረ። በግራ በኩል!

ደስታዬን ምን ልበለው? ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ላይልን ተወራረድኩት። "ይሄ ልጅ ሦስቴ ስቶ ይወጣል።" ወጣ። "ቀጣዩ ወደ ላይ ይመታና ይያዝበታል።" ተያዘበት። ላይል ምላጩን አስቀምጦ አየኝ። "ዴልማር፣ አንተ ሰውዬ ጤነኛ ነህ?" ፀጉሬን በነፃ ተስተካክዬ ወጣሁ። ማን ጋ እንደደወልኩ አልነገርኩትም።

መመለሻዬ ላይ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ለካ የዲሹ ምስል ሰማይ ወጥቶ ነው የሚወርደው። ተጨምቆ ይሄዳል፣ ተዘርግቶ ይመጣል። ይዘገያል። የጋስ ኬብል ግን ከሬዲዮው ጋር እኩል ነው።

ከሬዲዮው ጋር… አሃ።

ዌንደል ዕድሜውን ሙሉ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ሬዲዮ ነው የሚከፍተው። ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው የሽማግሌው ባክስተር ድምፅ ካልሆነ ቤዝቦል አይመስለውም። ዲሽ ቢገባለት ባክስተር ከምስሉ ይቀድማል። ዌንደል ያብዳል!

ወሰንኩ። ዲሽ። ለሙከራ… ተናዶ ከወንበሩ ይነሣ እንደሆነ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12
ዲሹ ገባ። አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ይዤ ከዌንደል ጎን ተቀመጥኩ። ጨዋታውን ሳይሆን እሱን ነው የማየው።

ባክስተር በሬዲዮ ጮኸ፤ ኳሷ ከአጥር ውጪ ሄደች። ዌንደል አጨበጨበ። ቴሌቪዥኑ ላይ መቺው ገና ጓንቱን እያጠበቀ ነው። ጃኔል ግንባሯን ቋጠረች። "አጎቴ፣ ይሄ ነገር ምን ሆኗል?" ሎሪንም ሬዲዮውን አየች፣ ቴሌቪዥኑን አየች።

"ምኑ?" አለ ዌንደል።

ምኑ? እስከ ጨዋታው መጨረሻ ምንም አላለም። ከረጢቱን ብቻዬን ጨረስኩት። ቀልዴ ከሸፈ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13
እንዴት አላስተዋለም? የወርዋሪ ጣት አያያዝ አይቶ ኳሷ ወዴት እንደምትታጠፍ የሚናገር ሰው። እኔኑ እየቀለደብኝ ይሆን? አይ… ዌንደል መቀለድ አይችልበትም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 19
ሎሪንና ጃኔል ገበያ ሄዱ። ዌንደልና እኔ። ሬዲዮ ተከፍቷል። ሪሞቱን ጭኔ ሥር ደብቄ ቻናሉን ቀየርኩት። ሴትዮ ወጥ ቤት ውስጥ ሊጥ እየዳመጠች። አሁን ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ።

ዌንደል አገጩን በእጁ ደግፎ ትክ ብሎ ያያል። ሴትዮዋ ዱቄት በተነች። ባክስተር በሬዲዮው ያወራል። ሳቄን አፍኜ ልፈነዳ ነው።

"ልጁ አወራወሩ ዛሬ ያምራል" አለ ዌንደል።

ሪሞቱን ከጭኔ ሥር አወጣሁ።

ቻናሉን ቀስ ብዬ መለስኩት። "ያምራል" አልኩ።

ነገ ፋሲካ ነው። ሎሪንን ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳት እሱ ነው… በመኪና።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20
ጠዋት ሳይነሡ ሄጄ ከመኪናቸው ባትሪ ላይ አንዱን ገመድ ፈታሁ። ሊሄዱ ሲሉ አልነሣ አለ። እህቴን በእኔ መኪና ቤተ ክርስቲያን አደረስኳትና ለዌንደል አግዛለሁ ብዬ ተመለስኩ።

ኮፈኑን ከፍቷል። ስንት ሞተር ፈቶ የገጠመ ሰው፣ የተፈታው ገመድ አፍንጫው ሥር ተንጠልጥሎ በእጁ ይዳብሳል። ጣቶቹ ገመዱን አገኙት። ቆመ።

"አንተ ነህ የፈታኸው።"

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ትናንት አወራወሩ ያምራል ያልከው ልጅ… ሴትዮ ናት። ሊጥ ትዳምጥ ነበር።"

እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ደጋግሞ ጠረገ።

"ቆንጆ ነበረች?"

"ከሎሪን አትበልጥም።"

ትንሽ ሳቀ። ከዚያ ቀስ እያለ እውነቱን አወጣው። ሁሉ ነገር በጭጋግ ውስጥ ነው። ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይነዳም፤ መንገዱን እጄ ያውቀዋል ይላል። አባቱ ዓይኑ ጠፍቶ መስኮት ሥር ተቀምጦ ነው የሞተው። ሐኪም ጋ ያልሄደው ያንኑ እንዳይነግሩት ፈርቶ ነው።

"ለሎሪን እንዳትነግራት።"

"እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ። ቁልፉን ግን አሁን ስጠኝ።"

ኪሱን ዳበሰ። አወጣና እጄ ላይ ጣለው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21
ነገራት። ሎሪን ደውላ መጀመሪያ እኔን ሰደበችኝ። ከዚያ አለቀሰች።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6
ከተማ ሐኪም ጋ ወሰድኳቸው። የዓይን ሞራ ነው! የሁለቱም ዓይኖቹ። ይገፈፋል፣ በየተራ። አባቱም ምናልባት ይኸው ነበረበት ይሆን? አልጠየቅሁም። እሱም እያሰበው መሆኑን ግን ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

ሲመለስ ቋሊማ በዳቦ አሰኘኝ አለ። ሁለት በላ። በሰናፍጩ ተከራከረ።

ዓርብ፣ ሜይ 30
አንደኛው ዓይን ተሠራ። ፋሻው ሲነሣለት መጀመሪያ ያየው እኔን ነው። "አርጅተሃል" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጁን 28
ሁለተኛውም ከተሠራ ወዲህ የመጀመሪያው ጨዋታ። ሁላችንም አለን። ሎሪን የቼሪ ፓይ ጋግራለች። ጃኔል ምንጣፉ ላይ። እኔ ከነኦቾሎኒዬ። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ጠፋ፣ ሬዲዮው ተከፈተ።

ባክስተር፦ መታው፣ በቀኝ በኩል!

ማንም አላጨበጨበም። ሁላችንም ዌንደልን እያየን ነው። እሱ ቴሌቪዥኑን ያያል። ወደ ፊት ተጠጋ።

"ቆይ… ቆይ። ገና አልወረወረም እኮ።"

ወረወረ። በቀኝ በኩል።

"ይሄ ሰውዬ ከየት አየው? ዴልማር! ይሄን ክዳን ጣሪያዬ ላይ የሰቀልከው አንተ ነህ?"

ሎሪን ፓይ ልቁረጥ ብላ ወጥ ቤት ገባች። ቆይታ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቢላዋውም ፓዩም እጇ ላይ የሉም።

ዌንደል ጨዋታው እስኪያልቅ ሲሳደብ አመሸ። ዲሹን፣ ሰማዩን፣ እኔን። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሚታየው በኬብል ነው፣ ይሄን ያላወቀ ዳኛ ምን ዳኛ ነው አለኝ። ቀልዴ ዘግይቶ ያዘ… እሱም በሰማይ ዞሮ የመጣ ይመስለኛል።

ሰኞ ለኬብል ሰዎቹ እደውላለሁ። ወይስ ማክሰኞ? ትንሽ ይሳደብ።