ታቦቱን ትቼ አልወጣም

ሰኞ
ጋሼ ወርቁ አልወጣም አሉ። ሦስት ጊዜ ደወልኩ፣ ሦስቴም መልሳቸው ያው ነው። አውሎ ነፋሱ ሐሙስ ማታ ወይም ዓርብ ጠዋት የቴክሳስን ዳርቻ ይመታል ተብሏል፤ የእሳቸው ከተማ ባሕሩ አፍ ላይ ናት። ታላቅ ወንድሜ ናቸው፣ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ መንዳት ካቆሙም ቆይተዋል።

ከእሳቸው ሌላ እዚያ ያሉት የእኛ ሰዎች አሥራ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ስለሚመጣ ትልልቆቹ አይከታተሉትም። እኔ ከባሕሩ ርቃ ባለችው አውሮራ ከተማ፣ ሱቄ ውስጥ በርበሬ እየመዘንኩ በአማርኛ ድምፄን እየቀዳሁ እልክላቸዋለሁ፦ ውሃ፣ መድኃኒት፣ ፓስፖርት በፕላስቲክ፣ መስኮት ላይ ጣውላ፣ ነዳጅ ዛሬውኑ ፉል። ነገ አትበሉ።

ማክሰኞ
ዘጠኙ ወጥተዋል፣ ሁለቱ ማታ ይወጣሉ። አንዷ ፍሪጅ ሙሉ ቅቤዬን ለማን ልተው ብላ አንድ ሰዓት ተከራከረችኝ። ቅቤው ይቅለጥ፣ አንቺ ውጪ አልኳት።

ጋሼን የያዛቸው ታቦቱ ነው። ቄሱ እናታቸውን ሊቀብሩ አገር ቤት ሄደዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በጋሼ እጅ ነው። ታቦቱን ከካህን በቀር ማንም አይነካውም፣ ስለዚህ ይዘውት መውጣት አይችሉም። ትተውት መውጣቱ ደግሞ አይሆንላቸውም።

«አንቺ ሱቅሽን ዘግተሽ ትሄጃለሽ። እኔ ምኑን ዘግቼ ልሂድ?» አሉኝ።

ካህን ፍለጋ ስደውል ዋልኩ። የሂዩስተኑ የራሳቸውን ሕዝብ እያስወጡ ነው። የሳን አንቶኒዮው መምጣት ይፈልጋሉ፣ ግን ወደ ባሕሩ የሚወስደውን መንገድ ፖሊስ ዘግቶታል።

ረቡዕ
ለአረጋውያን የተዘጋጀው የመጨረሻ አውቶቡስ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነበር።

ጠዋት ዋሸኋቸው። ካህን አግኝቻለሁ፣ እየመጡ ነው፣ ቁልፉን ምንጣፉ ሥር አድርገው እርስዎ አውቶቡሱ ላይ ይውጡ አልኳቸው። ድምፃቸው ወዲያው ተለወጠ። መረቁኝ። ምርቃቱንም አሜን ብዬ ተቀበልኩ።

ልጄ ሜሮን ትሰማ ነበር። «እማ፣ ዛት ኢዝ ሶ ሮንግ» አለች፤ ልክ አይደለሽም ማለቷ ነው። መጀመሪያ ይዳኑ፣ ይቅርታውን ኋላ እጠይቃለሁ አልኳት። ሥራ እንደጨረሰ ሰው ምሳዬን በላሁ።

ወደ ማታ ደወልኩ። አውቶቡስ ውስጥ ናቸው ብዬ ነው። «ቄሱ የት ደረሱ?» አሉኝ።

አልተሳፈሩም። የቤተ መቅደስ ቁልፍ ምንጣፍ ሥር አይጣልም፤ ለካህኑ በእጃቸው አስረክበው በካህኑ መኪና አብረው ሊወጡ ነው ያሰቡት። የጾም ቀን ስለሆነም ሽሮ ሠርተው አስቀምጠውላቸዋል።

ሁሉን አስቤ ነበር፣ ይህን ግን አላሰብኩም። መስመሩ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁት። የአደጋ ጊዜ ስልክ ላይ ደውዬ ስማቸውንና አድራሻቸውን አስመዘገብኩ። ነፋሱ ከበረታ ማንንም መላክ አንችልም አሉኝ።

ሐሙስ
ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ የሚመጣ ቄስ የለም። ዋሽቼዎት ነው።»

ከኋላቸው የመስኮቱ ጣውላ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ትናንት ብትነግሪኝ እኮ ዝናብ ላይ ቆሜ መንገድ አላይም ነበር» አሉ። ሦስት ጊዜ እስከ አውራ ጎዳናው ሄደው ጠብቀዋል።

ማልቀስ አይረዳቸውም፣ ስለዚህ ዘረዘርኩላቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ላይኛው ፎቅ ይውጡ። ውሃውን፣ የስኳር መድኃኒቱን፣ ባትሪውን ይያዙ። እኔ ሳልደውል ወደ ታች እንዳይወርዱ። መጥረቢያ ካለም ይውሰዱ አልኳቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ ውሃው ከደረሰባቸው ጣራውን ሰብረው እንዲወጡ ነው።

ከምሽቱ በፊት መስመሩ ተቋረጠ።

ዓርብ
ሱቄ ያለበት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ፀሐይ ነው። ሱቁን ከፈትኩ፤ ቤት ብቀመጥም የምሠራው የለኝም። አንዷ ደንበኛ የበርበሬው ዋጋ ጨመረ ብላ ስትጨቃጨቀኝ የጠየቀችውን ቀነስኩላት።

ሜሮን በስልኳ የጋሼን ከተማ ከላይ የሚያሳይ ቪዲዮ አሳየችኝ። መንገዱ የለም፣ የመንገድ ምልክቶቹ ጫፍ ብቻ ይታያል። አንድ ጣራ ላይ ጣቷን አድርጋ «አይ ቲንክ ዚስ ኢዝ ኢት፣ እማ» አለች። ቤተ ክርስቲያኑ ይሁን አይሁን አላውቅም። ጣራው ላይ ሰው የለም።

ከሰዓት በኋላ የሳን አንቶኒዮው ቄስ ራሳቸው ደወሉ። መንገዱ እንደተከፈተ እሄዳለሁ፣ ከፖሊስ ጋር ተነጋግሬያለሁ አሉ።

አሁን በእውነት የሚመጣ ቄስ አለ። ለጋሼ የምነግርበት ስልክ የለም።

ቢሆንም ደወልኩ።