ሸሪፍ የቆመበት ፎቶ

ልጄ አፊፋ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ በሰው አገር ከክፉ ይሰውርሽ፤ ይህን ያለችው እናትሽ ናት፣ እኔ ጸሐፊዋ ነኝ። የእኔ የአጎትሽ አቤቱታ ሌላ ነው፦ ከደብረ ብርሃን ያስመጣነው ፎቶ አንሺ በሠርግሽ ፎቶ ላይ ጥምጣሜን ቆርጦብኛል። ለዚያ ቀን ያሳጠብኩትን ጥምጣም!

ፎቶዎቹን ለሠርገኛው አዳርሻለሁ። ሱቄ ግድግዳ ላይ ከመለጠፌ በፊት ግን ሁሉንም አስፈቀድኩ። አክስትሽ ኡሙሀኒ «ለገበያተኛ ሁሉ አልታይም» ስላለች የእሷ ፎቶ ሳጥን ውስጥ ገባ።

የታሰረው ወንድምሽ ሸሪፍ ካንቺ ጎን የቆመበትን ግን ለጠፍኩት። እናትሽ የእሱ ምስል ያላት ያ ብቻ ነው፤ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታየዋለች። ሰኞ የቀበሌው ሊቀመንበር መጣና፣ «አብዱልሀሚድ፣ ይሄን ልጅ እስከ ሐሙስ ቆርጠህ አውጣው» አለኝ።

«የጥምጣሜ መቆረጥ ይበቃል» አልኩት። «እኔ የሰው ፎቶ የማወርደው ባለቤቱ አውርድልኝ ሲለኝ ነው። ሸሪፍን አምጣውና ራሱ ይንገረኝ።»

«ትታሰራለህ።»

«እንግዲያው እዚያው እጠይቀዋለሁ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ፎቶው ከቦታው አልተነቃነቀም። አደራ ልጄ፣ አንቺም ለጎረቤት ስታሳዪ ወንድምሽን በጣትሽ አትሸፍኚው። እናትሽ «ወልደሽ ሳሚ» ብላሻለች፤ እኔም አሚን ብያለሁ።

የሱቁ በር ተንኳኳ። ጋቢዬን ደርቤ ልክፈትለት።

ልጄ፣ ሊቀመንበሩ አይደለም። አንድ ከሲታ፣ ጸጉሩን የተላጨ ሰው ግድግዳውን እያየ፣ «አጎቴ፣ ማንን አስፈቅደህ ነው እኔን እዚህ የለጠፍከኝ?» ይለኛል። እናትሽን ልጥራት።