በግራ በኩል ያስቀመጥኳቸው ገጾች

ሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

ከጧት ጀምሮ ዝናብ። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ሱቅ ውስጥ እኔ፣ የሟች ባሌ እህት ፋጡማ፣ ጨው ገዝታ ዝናቡ ያገታት አንዲት ጎረቤት። ገበያ የለም። ወረቀት እለያለሁ።

በኪሎ የመጣው መጠቅለያ ወረቀት ዛሬ ደህና ነው። የአንድ ፍቅር መጽሐፍ መሐሉ፤ ሽፋንም መጨረሻም የለውም። አስተያየቴ፦ ልጅቷ በየገጹ ታለቅሳለች። ሻይ ቀዘቀዘ ብላም አለቀሰች። አልወደድኩትም። ሰውየው ጫማውን እየጠረገ የሚዋሽበት ቦታ ግን እውነት ነው። ሟች ባሌም ሲዋሽ አንድ ነገር ይጠርግ ነበር። ከሥሩ ስለ ዶሮ በሽታ የተጻፈ መመሪያ፣ ሦስት ቅጠል። ከፍቅሩ መጽሐፍ ይበልጣል። የሚናገረውን ያውቃል፤ ሲጨርስ ዝም ይላል።

ደንቡን ታውቂያለሽ ደብተሬ። አንቺም ከዚሁ ክምር የተሰፋሽ ነሽ፤ ጀርባሽ የዘር ማከፋፈያ ቅጽ ነው። ያላነበብኩት በቀኝ። ያነበብኩት በግራ። ፋጡማ የምትጠቀልለው ከግራ ብቻ። ዐሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ ነው። ፊደልም የለየሁት በዚሁ ነው፣ ከስኳር ወረቀት።

መ/ር ደረሰ ሻማ ሊገዛ ገባ፤ የጓሮውን ክፍል የተከራየው አስተማሪ። ለምን ወረቀት እንደምለይ ጠየቀኝ። ስነግረው ሳቀ። «እንግዲህ እትዬ ዘሃራ፣ እርስዎ በግራ ያስቀመጡት ደራሲ አለቀለት በሉኛ!»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 8

ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት አዲስ ሸክላ አምጥቷል። ከጧት እስከ ማታ አንዱን ዘፈን። ጥሩምባው ጥሩ ነው፣ ሆድ ያባባል። ዘፋኙ ግን አራት ጊዜ ሞትኩ አለ፤ ድምፁ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው። ባለፈው ሳምንት ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ በኦሮምኛ ያንጎራጎረችው ሴት ትበልጠዋለች። ከሦስት ቃል በላይ አላለችም። ሸክላ የላትም።

ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ሆነ። መ/ር ደረሰ የራሱን መጽሐፍ አመጣልኝ! በእጁ የጻፈው፣ 160 ገጽ፣ ያልተጠረዘ፣ በሲባጎ የታሰረ። ሌላ ቅጂ የለውም። ሰኞ ለክረምቱ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ለማተሚያ ቤት ሊሰጠው ነው። አንብበው እውነቱን ይንገሩኝ አለ። አስተማሪ ጓደኞቹ ሁሉ አሞገሱት፣ አላመናቸውም። እርስዎ ለዶሮ መመሪያ እንኳ ፍርድ ያውቃሉ አለኝ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። የተፈጨ ጨው ይሻላል ወይስ አሞሌ ከሚለው በቀር ሐሳቤን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሲባጎውን ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። ፋጡማ አየችኝ፤ «ዘሃራ ኮ፣ የኔ ዘሃራ፣ የጋብቻ ደብዳቤ መሰለሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 10

ሱቅ ውስጥ በገበያተኛ መሐል እያነበብኩ ነው። አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ። እንደ ልማዴ።

ገጽ 1 ተራራ። ገጽ 2 ደመና። ከዚያ ጤዛ፣ ወፍ፣ እንደገና ተራራ። እስከ ገጽ 14 ሰው የለም። አሰልቺ ነው። ተነስቼ ሚዛን ወለወልኩ፣ ጆንያ አራገፍኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ገጽ 15 ላይ አንድ ሰው ከበቅሎ ወርዶ ወንድሙን የገብሱን ማሳ እንዲያካፍለው ይጠይቀዋል። ወንድሙ መልስ አይሰጥም። ውኃ ያቀርብለታል። ወይ ጉድ! መቀመጥ አቃተኝ። የቀረውን ይዤ ወደ ቤት ገባሁ።

አርብ፣ ሰኔ 11

ጨረስኩ። ከገጽ 15 እስከ መጨረሻ፣ እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጣል። መጨረሻ ያለው መጽሐፍ ሳነብ የመጀመሪያዬም ነው፤ በዚያ አዳልቼለት ይሆን? አይደለም። የመጀመሪያዎቹን 14 ገጾች ይጣሏቸው ልለው ነው። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ነገ እነግረዋለሁ። ነገ ገበያ ነው። እሑድ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

የገጽ 1–14 ቦታ ባዶ ነው።

ሐሙስ ሱቅ ውስጥ ሳነብ፣ እያንዳንዱን ገጽ ስጨርስ፣ እጄ በግራ አስቀመጠው። እጄ! ሳላውቀው። ፋጡማ ዛሬ ጠዋት ለገበያተኛው ሁሉ ጠቀለለችበት። ጮህኩባት። «በግራ ያስቀመጥሽው ራስሽ! ወላሂ፣ እኔ ፊደል ከፊደል እለያለሁ?» አለች። እውነቷን ነው። አለቀሰች። እኔም እንደ ፍቅሩ መጽሐፍ ልጅ።

እሑድ፣ ሰኔ 13፣ ረፋድ

ትናንት እስኪመሽ፣ ዛሬም ከማለዳ በጭቃው ዞርኩ። ከሻይ ቤቱ ሦስት ገጽ፣ ስኳር የተጣበቀባቸው። ከጎረቤት አንድ። ከጸጉር አስተካካዩ ከጀማል አንድ። እሱ አንብቦታል። ምን አልክ አልኩት። «ጭላሎን በሬን ከፍቼ አየዋለሁ፤ ሰውየው በወረቀት የሚያሳየኝ ምን በድዬው ነው?» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ዘጠኙ ቀረ። አንዱ እሳት ተቀጣጠለበት። አራቱ ከባለፈረሶች ጋር ወደ ጢቾ፣ ሁለቱ ወደ በቆጂ ሄዱ። ሁለቱን ማንም አያውቅም።

አሁን የባሰው ይህ ነው። አስተያየቴ አልተለወጠም፦ መጽሐፉ ያለ እነዚያ ገጾች ይሻላል። ግን አሁን ብናገረው ማን ያምነኛል? አጥፍታው፣ ድሮም አይረባም አለች ይለኛል። ዝም ብል ደግሞ መጥፎውን መግቢያ እንደገና ጽፎ ያሳትመዋል። እውነቱን የጠየቀኝ አንድ ሰው ነው፤ ለሱም እውነቱን አበላሸሁበት።

ከሻይ ቤቱ አሁንም ያው ሸክላ። የማይሰበር ነገር።

እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ሦስት ጊዜ ያነበብኩት ከአእምሮዬ አይወጣም። ዘጠኙን ገጽ በቃሌ መጻፍ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ከሄድኩ በኋላ መልሼ ሳየው፣ ደመናው የለም። ወፎቹ አንድ መስመር ሆነዋል። እጄ እንደገና የራሱን ሥራ ሠርቷል። አምሯል። ይህንን ብሰጠው ላያውቅ ይችላል።

ቀደድኩት። እንደ አዲስ ጻፍኩ፣ እሱ እንደጻፈው። ደመናውን ሁሉ መለስኩ። ጤዛውን ሁሉ መለስኩ።

ወስኛለሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን፣ ቀጥሎ አስተያየቴን። ሁለቱንም ነገ ጧት፣ አውቶቡሱ ሳይነሳ።

ሰኞ፣ ሰኔ 14፣ ረፋድ 4 ሰዓት

ጉም፤ ዝናብ የለም። ያደረግሁትን በተራ እጽፋለሁ።

ሰገድኩ። ነጠላዬን ለበስኩ። 12 ሰዓት ላይ የጓሮውን በር አንኳኳሁ። ሻንጣ እያሰረ ነበር። ተቀመጡ አለኝ፣ አልተቀመጥኩም። እጄ በግራ እንዳስቀመጠው ነገርኩት፤ ፋጡማን አላነሳሁም። አምስቱን ስኳር የነካቸውን፣ ዘጠኙን በእኔ ጽሕፈት፣ ከቀሪው ጋር ሰጠሁት። ቆጠራቸው። ፊቱ ጠቆረ።

ከዚያ ሁለተኛውን አልኩት። ባይጠፋም ይህንኑ እልዎት ነበር፤ መጽሐፉ የሚጀምረው ገጽ 15 ላይ ነው፤ ወንድሙ ውኃ ሲያቀርብለት መቀመጥ አቅቶኝ ነበር አልኩት።

«ለእርስዎ እንዴት የሚመች አስተያየት ነው እትዬ ዘሃራ» አለ።

ወጣሁ። ንጹሑን ጆንያ እንደገና አጠብኩ።

ሱቅ ስመለስ ሄዷል። ፋጡማ ነገረችኝ፦ ሻንጣውን ይዞ ገባ፣ ከወረቀቱ ክምር አጠገብ ጥቂት ቆመ፣ ደህና ሁኚ አላት፣ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

አየሁ። በግራ ከሁሉ በላይ ገጽ 1። ከሥሩ ገጽ 2። አንድ በአንድ ገለጥኩ፣ የሱ ጽሕፈት፣ የኔ ጽሕፈት፣ እስከ 14። ገጽ 15ን ፈለግሁ። የለም። ይዞት ሄዷል።

አንድ ሰው ገባ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር። ፋጡማ እጇን ወደ ግራ ሰደደች፤ ትዝ አላትና መለሰችው። ቆማ አየችኝ።

ጠቅልዪለት አልኳት።