ኖላዊት ያነበበችልን መልስ

ለወንድሜ ለአማረ፤

እንደምን ከርመሃል ወንድሜ? ቀኝ ዓይንህን ከተሠራህ ወዲህ ብርሃኑ እንዴት ሆነልህ? ጠብታውን ሳታቋርጥ ትጨምራለህ? ባለቤትህ ማንአልሞሽስ እንደምን አለች፣ ወገቧን ለቀቅ አደረጋት? እህታችን ባየሽ ደህና ናት? የሸዋ ሮቢት ሙቀት በዚህ ወር እንኳ ትንሽ ራራላችሁ? እኔ አምላክ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። እዚህ ስካይዌይ ዝናቡ ከገባ ሁለት ወር አለፈው፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን መብራት እናበራለን።

ይህን ደብዳቤ ነገ ለገና ወደ አገር ቤት ለሚሳፈሩት ለወይዘሮ ውብአየሁ ላስይዝ ነው። በስልክ ያልነገርኩህ በእናንተ ቤት ስልክ ሲደወል ድምፁ ከፍ ተደርጎ ቤተሰቡ ሁሉ ስለሚሰማው ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው። ዓይንህ ገና ካልጠራ ወይዘሮ ውብአየሁ ያንብቡልህ፣ ነገሩን ያውቃሉ። ለልጆቹ ግን አትስጥ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ፋኑኤል ራሱ ደውሎ የልጁን የኖላዊትን ኮሌጅ መግባት ሲያበስራችሁ፣ የባየሽ እልልታ እኔ የተቀመጥኩበት ድረስ ተሰማኝ። አንተም ለገና በኖላዊት ስም በግ እንደምታርድና ጎረቤት እንደምትጠራ ነገርከው። አማረ፣ ልጅቷ አልገባችም። ፋኑኤልንም የያዘው ጨጓራ አይደለም። ሁለቱንም በተራ ልንገርህ።

ሕመሙ የታወቀው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ቆሽቱ ላይ የተነሣ ካንሰር ነው፤ ሐኪሞቹ ሲያገኙት ወደ ጉበቱ አልፎ ነበር። ፋኑኤል ይህን የነገረው ለባለቤቱ ለመክሊት ብቻ ነበር። እኔም እንደ እናንተ ጨጓራ ነው እያልኩ ነበር የምኖረው። በዚያው ሰሞን ከኖላዊት ጋር የኮሌጆቿን ዝርዝር ማዘጋጀት ጀምረን ነበር።

በእኛ አገር ተማሪ በአንድ ቅጽ ላይ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ መንግሥት ይመድበዋል። እዚህ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ለብቻው ነው የሚያመለክቱት። እኔ ይህን ሳላውቅ የዘጠኝ ኮሌጆችን ስም በማስመሪያ አስምሬ፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ቁጥር ሰጥቼ አቀረብኩላት። ኖላዊት ሳቀችና «አባባ፣ ቁጥሩን እኮ ማንም አያየውም» አለችኝ። ቢሆንም ደብተሩን ወደደችው። ርቀቱን፣ የትምህርቱን ዓይነት፣ የሚሰጡትን የገንዘብ ድጋፍ፣ የማመልከቻውን የመጨረሻ ቀን በየዓምዱ መዘገብን።

ከዘጠኙ አንዱ በዚህ አገር ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በአውሮፕላን አምስት ሰዓት የሚያስኬድ ነው። ይህ ኮሌጅ ቀድመው ላመለከቱ ልጆች በታኅሣሥ መጀመሪያ መልስ ይሰጣል፤ ሌላው የሚሰማው በመጋቢት ነው። ነገር ግን ቀድሞ የሚያመለክት ልጅ፣ ከተቀበላችሁኝ ሌላውን ሁሉ ትቼ እናንተ ዘንድ እገባለሁ ብሎ ይፈርማል። ወላጅም ይፈርማል፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪም ይፈርማል። ፋኑኤል ቀድማ ታመልክት አለ፣ እኔ አይሆንም አልኩ። የሌሎቹን ድጋፍ ሳታይ ለምን ራሷን ታስራለች? የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እስከ መጋቢት ሐሳቧ ቢለወጥስ? ምክንያቶቼን በአንድ ገጽ ጽፌ ሰጠሁት።

ይህ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። አንብቦ ሲጨርስ «እስቲ አብረን እንውጣ» ብሎ በመኪናው ወሰደኝ። ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ታክሲ ሲነዳ ተራ ይጠብቅበት ወደነበረው ማቆሚያ ገባና ሞተሩን አጥፍቶ ሁሉንም ነገረኝ። «እስከ መጋቢት ከተጠበቀ እኔ አልሰማውም፣ አባዬ» አለ። ቀጥሎም፣ «እኔ ስሞት እናቴን ትቼ የት እሄዳለሁ ብላ እዚሁ ትቀራለች። ከፈረመች ግን ትሄዳለች። የእርስዎ ተማሪ ፈርማ አትክድም» አለኝ። እስከ መልሱ ቀን ለኖላዊት እንዳልነግራት ቃል አስገባኝ። ማንአልሞሽ ለጨጓራው ብላ የላከችውን ተልባ በየጠዋቱ እየበጠበጥኩ ሰጠሁት፤ እሱም ልጅቷ እንድታየው ሲል ጠጣው።

በማግሥቱ ደብተሩን ገልጬ ቀድማ ብታመለክት እንደሚሻል ነገርኳት። «ባለፈው ሳምንት እኮ አትቸኩዪ ያልከኝ አንተ ነህ» አለች። ቀድሞ የሚያመለክት ልጅ የመግባት ዕድሉ ከፍ ይላል አልኳት። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ ግን እሱ አልነበረም።

ማመልከቻው ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ እዚሁ ሰፈራችን ካለው ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠን ድርሰቷን አርምላት ነበር። እርሳሴን በእጇ ያዘችና «አባባ፣ አይ ኖው» አለችኝ። ምኑን አልኳት። «የአባቢን ነገር። ከሴፕቴምበር ጀምሮ። ሁሉንም።» ለካስ የሆስፒታሉን መተግበሪያ በአባቷ ስልክ ላይ የጫነችለት እሷ ናት፣ የይለፍ ቃሉንም የመረጠችው እሷ ናት። የሐኪሞቹ ጽሑፍ ሁሉ በእንግሊዝኛ እዚያ ይገባል። እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ማድ ቤት ውስጥ በአማርኛ ስንንሾካሾክ፣ እሷ ክፍሏ ተቀምጣ ዝርዝሩን ታነብ ኖሯል። ያወቀችው ከእኔ በፊት ነው።

«ሶ፣ አፕላይ አደርጋለሁ» አለችኝ። «አባቢ መልሱን ይስማ። ብገባም ግን አልሄድም፣ ማሚን ብቻዋን አልተዋትም። እንዳትነግረው።» ፊርማ ቃል ነው አልኳት። አማካሪዋም በራሳቸው ስም እንደሚፈርሙ፣ አንድ ልጅ ፈርማ ብትቀር ከዚያ ትምህርት ቤት ለሚከተሉት ልጆች እንደማይበጅ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «አንተስ፣ ጨጓራ ነው ስትለኝ?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ ያልገባውን እንደሚጠይቅ ተማሪ ነው የጠየቀችኝ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ከጎረቤቱ አንድ መስመር የገለበጠውን ልጅ አልፌው አላውቅም። ያን ቀን ግን ልትክደው አስባ በምትፈርመው ማመልከቻ ላይ ነጠላ ሰረዝ ሳስተካክል ዋልኩ። ዓርብ ፈረመች። ፋኑኤልም ስልኩ ላይ በጣቱ ፈረመ።

ከዚያ ወዲህ ሰውነቱ እያለቀ ሄደ። ሥራ ካቆመ ቆይቷል፤ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። አልጋውን ሳሎን ዘርግተንለታል። የሕመም ማስታገሻው ዓይኑን ስለሚያፈዘው ፊደል ይደራረብበታል፣ ማንበብ አይችልም።

መልሱ የመጣው ታኅሣሥ 4 ቀን ነው። ኖላዊት ኮምፒውተሯን ይዛ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ መክሊት ከሆቴል ሥራዋ አስፈቅዳ መጥታለች፤ እኔ ከኋላ ቆሜ መነጽሬን አደረግኩ። ደብዳቤው አጭር ነው። አልተቀበሏትም፣ አልጣሏትምም፤ ማመልከቻሽን ከሌሎቹ ጋር በመጋቢት እንደገና እናየዋለን ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኖላዊት በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ «ኮንግራቹሌሽንስ» ብላ ጀመረች፣ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ከራሷ ቀጠለች። ከዚያ ወደ አባቷ ጎንበስ ብላ «ተቀብለንሻል ይላል አባቢ፣ በጣም ደስ ብሎናል ይላል» አለችው። መክሊት ወለሉ ላይ ተንበርክካ አለቀሰች።

ፋኑኤል ግን አልሳቀም። ፊቱን ወደ እኔ አዞረና «አባዬ፣ እርስዎም አይተውታል?» አለኝ። አይቼዋለሁ አልኩት። «ሰባተኛ ክፍል በአንድ ነጥብ የጣሉኝ ሰው ነዎት። ከእርስዎ አፍ ልስማው፤ ገብታለች?» አለ። ያን ዓመት አርባ ዘጠኝ አምጥቶ፣ አንድ ነጥብ ጨምርለት ብለው ዳይሬክተሩ ራሳቸው ለምነውኝ አልጨመርኩም። አንተም በዚያ ምክንያት ስንት ወር አኩርፈኸኛል። ኖላዊት ዞራ አላየችኝም። ከኋላዋ ስለቆምኩ የሚታየኝ ማጅራቷ ብቻ ነበር። «ገብታለች» አልኩት። እሱም የሳቀው ያኔ ነው። በነጋታው ስልክ አንሥቶ ለእናንተ ደወለ።

አሁን ያለነው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ከፊርማው ነፃ ሆናለች፤ የመጋቢቱንም አልጠብቅም ትላለች። ከዘጠኙ ሰባቱ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይዘጋሉ፤ አንዳቸውንም አልላከችም። ቤት ውስጥ ሌላ ማመልከቻ ስትሞላ ብትገኝ አባቷ ይሰማና ገብተሽ የለም ወይ ይላታል። ስለዚህ በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ እወስዳታለሁ። ትናንት ኮምፒውተሯን ሳትከፍት ተመለስን። ከትናንት ወዲያ ደብተሩን አስቀምጬላት በአውቶቡስ የማይደረስባቸውን ሰባቱንም ሰረዘቻቸው። የቀረው በኅዳር ያመለከተችበት የዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሱም መጥፎ አይደለም፤ ግን መርጣው ሳይሆን ሌላው ስለተዘጋባት ነው የምትገባበት። ልጄን ላሳርፍ ብዬ የተናገርኩት አንድ ቃል የእሷን መንገድ እንደዘጋባት አይቻለሁ። ነገም እወስዳታለሁ፤ ትከፍተዋለች ብዬ ግን አልነግርህም።

አንተን የምለምንህ ይህን ነው። በጉን እረድ። ጎረቤቱን ጥራ፣ የኖላዊትን ስም አንሡ፣ ፎቶውን ለፋኑኤል ላኩለት። ብታስቀረው ምክንያቱን ይጠይቃል። የፋኑኤልን ሐኪም ከገና ወዲያ ስላለው ጠይቄያት ምንም አልነገረችኝም። ሲደውልልህ ድምፅህን ጠብቅ፣ ስለ ተልባውም ጠይቀው። ባየሽ እናቱ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ስለሆነ ይህን በደብዳቤም በስልክም ልትሰማው አይገባም። ቀኑ ሲደርስ ለአንተ ብቻ እደውላለሁ፤ ካህኑንና ሁለት ሦስት ዘመድ ይዘህ በማለዳ ሄደህ ትነግራታለህ።

ይህን ስጽፍ ፋኑኤል ከጎኔ ተኝቷል። የእንኳን አደረሳችሁ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ መስሎታል፣ እኔም ከፊቱ ተቀምጬ ይህን ሁሉ እጽፋለሁ። በመካከሉ እያስቆመ በሌላ ወረቀት ላይ ኖላዊት ይዛ የምትሄደውን ዕቃ ያስመዘግበኛል። እዚያ ክረምቱ ከባድ ነው ይላል። ወፍራም ካልሲ፣ ውስጡ ፀጉር ያለው ጫማ፣ የአንገት ልብስ፣ የሳል ሽሮፕ። አሥራ ሰባተኛው ዕቃ ላይ ደርሰናል። ያልተጻፈ እንዳለ እያስነበበኝ ይቆጥራል።

ለማንአልሞሽ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ተልባው ደርሷል በላት። ለልጅህ ለሠርካለም እንኳን ለማዕረግሽ አበቃሽ በልልኝ። ወንድሟ እሴይ ሒሳቡን እንዳይተው፣ ያልገባውን ጽፎ ይላክልኝ። መክሊትና ኖላዊት ሁላችሁንም ሰላም ይላሉ። ለባየሽ የእኔን ሰላምታ እንዳመቸህ አድርገህ አድርስ። የፋኑኤልን ግን ቃል በቃል ንገራት፦ «እትዬ፣ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። እንደዚህ ዓመት ናፍቀውኝ አያውቁም።» ይህን አሁን ራሱ ነው ያስጻፈኝ። አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም።

ወንድምህ ሀብተ ጊዮርጊስ
ስካይዌይ፣ ሲያትል
ታኅሣሥ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.