ከቺፕ ወደ ዲስክ ስላሸጋገሩት ፓምፕ ጣቢያ፣ ለውሃ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሠፈሩ ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ሲያጣ፣ የእርስዎ ግቢ የራሱ ጉድጓድ ስላለው ፊትዎን ሳይታጠቡ እንዳልዋሉ ሰምቼ እፎይ ብያለሁ። እኔ የጣቢያው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነኝ።

1. የአሮጌው ማሽን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሮም በሚባል፣ አንዴ ከተጻፈበት በማይለወጥ ቺፕ ውስጥ ስለነበር፣ መብራት በቀን አሥር ጊዜ ሄዶ ቢመጣ በዓይን ጥቅሻ ተነሥቶ ፓምፑን ያስነሣ ነበር። ከዚህ ኋላ ቀርነት አላቀውን፣ ሲስተሙን ከዲስክ እስኪጭን አራት ደቂቃ የሚያስጠብቅ ባለ ቀለም ስክሪን ስላመጡልን እናመሰግናለን።

2. ዲስኩ እየጻፈ ሳለ መብራት ተቋርጦ ፋይሉ ሲበላሽና ማሽኑ አልነሣም ሲል፣ ጥፋተኛው በአንድ ጠዋት ተገኘ፤ ማሽንዎ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም። «በአግባቡ አላጠፉም» የተባሉት፣ ፓምፑን ሃያ ስድስት ዓመት ያንቀሳቀሱት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ኦፕሬተር ናቸው። ድንገት የሚሄድን መብራት በአግባቡ ማጥፋት እንዴት እንደሚቻል ሥልጠና ቢሰጡን እንጠቀማለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

3. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ስለሆነ አድራሻ ከተሳሳትኩ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የአዲሱ ማሽን ምረቃ ሐሙስ ነበርና ረቡዕ ዕለት እርስዎ «መብራት እየተቋረጠ ተፈትኗል» የሚለውን ቅጽ ሲልኩልኝ፣ አንዴም ሳልፈትን ፈረምኩ። ዲስኩ የእኛን መብራት እንደማይችል አውቅ ነበር። እትዬ ብልሽቱን ለማጣራት በተጠራው ስብሰባ ላይ ሲጠየቁ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ ያውቃል፣ እሱን ጠይቁት» አሉ። እኔ ዝም አይነቅዝም ብዬ ጫማዬን አየሁ። ጡረታ ሊወጡ ሰባት ወር ሲቀራቸው ታገዱ። ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አፍሬያለሁ። ትናንት መንገድ ላይ አግኝተውኝ ማሽኑ ተነሣ ወይ ብለው ጠየቁኝ እንጂ ስለራሳቸው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ትእዛዝዎን ሳያላምጥ በመዋጥ የሚታወቀው፣ ከሙያው ይልቅ ፊርማው የሚፈለገው፣

እጅግ ታዛዥ ባለሙያዎ

ማስታወሻ፦ ያልተደረገውን ፈተና የፈረምኩት እኔ መሆኔን ዛሬ ጠዋት ለዲሲፕሊን ኮሚቴው በጽሑፍ አምኛለሁ። «ፈተናው ይቅር፣ ቶሎ ፈርም» ብለው ከቅጹ ጋር የላኩልኝንም ብጣሽ ወረቀት አባሪ አድርጌያለሁ። የእጅ ጽሑፍዎ ስለሚያምር አባላቱ ለማንበብ አልተቸገሩም።